ኧረ ግራጫውን ዓሣ ነባሪ እዩልኝ!

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ስሙኝማ! ከፌርፋክስ፣ እንጀራ ከምትገዙበት ሱቅ ደጃፍ ተነሡ። መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት ገደማ ንዱ። ፓሎስ ቨርዴስ ስትደርሱ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁሙና ወደ ባሕሩ ተመልከቱ። በቃ፣ ሌላ ምንም አታድርጉ! እስከ 14 ሜትር የሚረዝም፣ ከ30 ሺህ ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል ሕያው ፍጥረት እየተነፈሰ በፊታችሁ ያልፋል! ማንም አላሰረው፣ ማንም አይቀልበው! ቲኬት የለ፣ ወረፋ የለ! ግራጫ ዓሣ ነባሪ ይባላል። እኔ እሱን ካወቅሁ ወዲህ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል። ቡና ላይ የማወራው እሱን፣ ስልክ ላይ የማወራው እሱን! ጓደኞቼ ስደውልላቸው ማንሣት ትተዋል። ስለዚህ ተራው የእናንተ ነው!

መጀመሪያ የሚታየው ትንፋሹ ነው። ረጋ ካለው ውኃ ላይ ድንገት «ፉፍፍፍ!» ነጭ ጭጋግ ሽቅብ ይወረወራል። 3 ሜትር፣ 4 ሜትር! አፍንጫው አናቱ ላይ ነው፤ ያውም ባለ ሁለት ቀዳዳ። በዚህ የተነሣ ከፊት ወይም ከኋላ ስታዩት ትንፋሹ ለሁለት ይከፈልና አየር ላይ የልብ ቅርጽ ይሠራል። የልብ! በማርያም እውነቴን ነው! ፀሐይዋ በደንብ ካገኘችው ደግሞ ቀስተ ደመና ይገባበታል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እንዴት እንደ ጮኽኩ! አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ባይኖኩላራቸው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ዞር ስል እሳቸው ራሳቸው እየጮኹ ነው!

ከዚያ ልብ ማንጠልጠሉ ይጀምራል። ይተነፍሳል፣ ይጠልቃል። ብቅ ይላል፣ ደግሞ ይተነፍሳል። ሦስቴ፣ አራቴ፣ አንዳንዴም አምስቴ። በመጨረሻ ጀርባው ጎበጥ ይልና... ጅራቱ ወጣ! አቤት ጅራት! ወርዱ 3 ሜትር የሆነ ጅራት ውኃ እያንጠባጠበ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ድምፅ ሳያሰማ ሽው ብሎ ይገባል። አለቀ? አላለቀም! በጠለቀበት ቦታ ላይ ውኃው ሞላላ ክብ ሠርቶ ልሙጥ ይላል። ጅራቱ ከሥር ሲመታ የሚተወው አሻራ ነው። ዙሪያው ሁሉ እየተናወጠ እዚያች ክብ ውስጥ ግን ሽብሽብ እንኳ የለም! ቀጣዩ ትንፋሽ ከየት ይወጣል? ከግራ? ከቀኝ? ኬልፕ ከሚባለው የባሕር አረም ወዲህ ወይስ ወዲያ? ሦስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ፣ አምስት... ፉፍፍፍ! ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይኼ ጨዋታ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል!

ጀርባውን ደግሞ በባይኖኩላር አቅርባችሁ እዩት። ከብዙዎቹ ዘመዶቹ በተለየ የጀርባ ክንፍ የለውም። በሱ ፈንታ ወደ ጅራቱ እየተደረደሩ የሚሄዱ ጉብታዎች አሉት፤ ከ6 እስከ 12 ይሆናሉ። ቆዳው ዝም ብሎ ግራጫ እንዳይመስላችሁ! እዚህ ነጭ ጠብ ጠብ፣ እዚያ ጠቆር ያለ፣ በየስንጥቁ ብርቱካናማ! ነጩ ምን መሰላችሁ? ቆዳው ውስጥ ተተክለው የሚኖሩ፣ ዛጎል የለበሱ ትናንሽ የባሕር ፍጥረታት ናቸው። ብርቱካናማው ደግሞ ቅማል ነው። አዎ፣ ቅማል! የዓሣ ነባሪ ቅማል! ያን ሁሉ ደባል ተሸክሞ ነው ዓለምን የሚዞረው። የነጩና የግራጫው ዝንጉርጉር በእያንዳንዱ ላይ ስለሚለያይ ተመራማሪዎቹ ፎቶ አንሥተው «ይኼ እኮ አምና ያየነው ነው!» ይላሉ። መልኩን ያውቁታል!

ቆይ፣ ወዴት ነው የሚሄደው? ጉዱ እዚህ ላይ ነው! ሰመሩን የሚያሳልፈው ከአላስካና ከሳይቤሪያ መካከል፣ በቤሪንግና በቹክቺ ባሕር ነው። በረዶው መጠጋት ሲጀምር ወደ ደቡብ ይነሣል። አላስካን ዞሮ፣ ካናዳን አልፎ፣ ዋሽንግተንን፣ ኦሪገንን፣ ካሊፎርኒያን ከላይ እስከ ታች ወርዶ ሜክሲኮ ይገባል፤ ባሃ ካሊፎርኒያ። ደርሶ መልሱ ከ16 ሺህ እስከ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር! በየዓመቱ! በገዛ ጅራቱ! እኛ ከቦሌ ተነሥተን፣ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ምግብ እየቀረበልን፣ ፊልም እያየን መጥተን «እግሬ አበጠ» ብለን ሳምንት እንተኛለን! እሱ አይሮጥም፣ በሰዓት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ግን ቀንም ሌሊትም ይሄዳል። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል!

ያውም በጾም! ጾመ ነነዌ የሚገባው በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ ውስጥ አይደል? የዮናስን ታሪክ ሰምታችሁ፣ ቅዳሴ አስቀድሳችሁ፣ በዚያው ወደ ገደሉ ንዱ! ለዚህ የሚሆን ከዚያ የተሻለ ሳምንት አላውቅም። እናንተ ሦስት ቀን ጾማችሁ ስትዝሉ እሱ መጾም ከጀመረ ወራት አልፈውታል። ሰሜን ሳለ ስቡን አከማችቶ ነው የተነሣው፤ በመንገድ ላይ የሚቀምሰው ከቁጥር አይገባም። ዮናስን የዋጠው የሱ ዘመድ ይሁን አይሁን እኔ አልገባበትም። ይኼኛው ግን ጥርስ እንኳ የለውም!

ጥርስ የለውም ስላችሁ ታዲያ ምን ይበላል አትሉም? ጭቃ! እውነቴን ነው፣ ከጭቃ ውስጥ ነው የሚበላው! ያ ሁሉ አካል የሚኖረው የሽሪምፕ ዘመድ በሆኑ፣ ከጣት አንጓ በማይበልጡ ጥቃቅን ፍጥረታት ነው። ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። በጎኑ ጋደም ይላል። ጭቃውን ምጥጥ አድርጎ ይስባል። ከዚያ ውኃውንና ጭቃውን በማጥለያው መካከል ወደ ውጭ ይተፋና ምግቡን ያስቀራል። ማጥለያዎቹ ከላይኛው መንጋጋው የሚንጠለጠሉ፣ ከእኛ ጥፍር ጋር ከአንድ ነገር የተሠሩ ናቸው፤ በአንዱ ጎን ብቻ ከ130 እስከ 180! ደስ የሚለው ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ አብዛኞቹ የሚጋደሙት በቀኝ ጎናቸው ነው። በቀኝ ያለው ማጥለያ ተበልቶ ያልቃል፣ ቀኝ ጉንጫቸውም ተፍቆ ዛጎል አይበዛበትም። በቀኝና በግራ ይለያያሉ ማለት እኮ ነው፣ ልክ እንደኛ! በልቶ ሲወጣ ጭቃው በውኃው ውስጥ ደመና ሠርቶ ይከተለዋል። የባሕር ወፎች ትራፊ ለመልቀም ከላዩ ላይ ይንጫጫሉ። እንዴት ያለ ማዕድ ነው!

አሁን ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገራችሁ። ቁጭ በሉ! ባሃ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባሕሩ ወደ በረሃው ገብቶ የሚረጋባቸው፣ ጥልቀታቸው ያነሰ፣ ሞቅ ያሉ ውኃዎች አሉ። ኦሆ ዴ ሊየብሬ አንዱ ነው፣ ሳን ኢግናሲዮ ሌላው፣ ማግዳሌናም አለ። እናቶቹ የሚወልዱት እዚያ ነው። አንድ ዓመት ያህል አርግዘው፣ ያን ሁሉ አገር ከነሆዳቸው አቋርጠው! ጨቅላው ሲወለድ 4 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል! ከ700 ኪሎ በላይ! ጨቅላ እኮ ነው የምላችሁ! የሚጠባው ወተት ደግሞ ከግማሽ በላይ ስብ ነው። እናቲቱ ያን ወተት የምታመነጨው ሳትበላ ነው። አንዲት የእህል ዘር ሳትቀምስ ልጅ አሳድጋ፣ አጠንክራ፣ ከዚያ ደግሞ ይዛው ወደ ሰሜን ትነሣለች። ወይ እናት!

እኔ የሄድኩት ሳን ኢግናሲዮ ነው። መጀመሪያ በረሃ መሐል የተምር ዛፍ የሞላባት ትንሽ ከተማ ትመጣለች፤ አደባባይዋ ላይ በ1700ዎቹ የተሠራ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ)። ከዚያ ቁልቋል። ከዚያ ነጭ የጨው ሜዳ። ከዚያ ውኃ! ጀልባዋ ትንሽ ናት፣ ባለ አንድ ሞተር፣ ፓንጋ ይሏታል። ተሳፍረን ወጣን። ባለ ጀልባው ሞተሩን ዝቅ አደረገና ቆመ። እዚያ ዓሣ ነባሪውን ማሳደድ ክልክል ነው። ትጠብቃላችሁ። እነሱ ደስ ካላቸው ይመጣሉ፣ ካላላቸው አይመጡም። ጠበቅን። ውኃውን በእጃችን ቸብ ቸብ አደረግን። ነፋሱ የጨው ሽታ ይዞ ይመጣል። ፔሊካን ያልፋል። ምንም የለም። ምንም የለም።

መጡ! እግዚኦ፣ መጡ! ከጀልባዋ ሥር አንድ ግዙፍ ግራጫ ጥላ ሲያልፍ አየሁ። ከአንደኛው ጫፍ ጀምሮ አልፎ እስኪያልቅ ትንፋሼን ይዤ ቀረሁ። ከጀልባዋ ይረዝማል! ከዚያ እናቲቱ በዝግታ በጎን በኩል ወጣች። ቀጥሎ ከጀርባዋ ሕፃኑ ብቅ አለ። ገና ቆዳው የተጨማደደ፣ ጠቆር ያለ፣ አፉ ዙሪያ አንድ አንድ ፀጉር ያለው! አዎ፣ ፀጉር አለው! በየጉድጓዱ አንዳንድ ዘለላ! እናቲቱ ከሥሩ ገባችና በጀርባዋ ገፋ አደረገችው። ወደ እኛ! ልጇን ወደ እኛ አቀረበችው! እጄን ዘረጋሁ። ነካሁት። ተቀቅሎ የተላጠ እንቁላል በሉት! ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ ጫን ስትሉት እሽ ብሎ ስርጉድ የሚል! እሱም አልሸሸም። ጭራሽ ዞሮ ሌላኛውን ጉንጩን ሰጠኝ። ከዚያ ገልበጥ አለና በአንድ ዓይኑ አየኝ። ቡናማ ዓይን ነው። ረጋ ያለ፣ ዙሪያው የተሸበሸበ፣ እኔን የሚያይ! እኔ ዓሣ ነባሪ ለማየት ስሄድ እሱ ደግሞ ሰው ሊያይ መጥቷል!

እኔ ራሴን መቆጣጠር አልቻልኩም፣ እልል አልኩ! አንዴ ብቻ አይደለም፣ እስኪደክመኝ እልል አልኩ! ባለ ጀልባው በሳቅ ወደቀ። ሕፃኑም አጠገቤ ሆኖ «ፉፍፍፍ!» ብሎ ተነፈሰብኝ። ፊቴ ላይ፣ መነጽሬ ላይ፣ ነጠላዬ ላይ! ይሸታል እኮ! የከረመ ዓሣ ይሸታል! ነጠላዋን አጥቤያታለሁ፤ በልቤ ግን ሳላጥባት ብቀር ደስ ባለኝ። የእናቲቱን ጀርባ ደግሞ ስነካ ነገሩ ሌላ ነው፤ ለስላሳው መሐል ዛጎሉ ይቆረቁራል፣ እጅ ይቧጥጣል። በስተኋላ አንድ ሌላ ደግሞ ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ከውኃ አውጥቶ ዙሪያውን ቃኘ። ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላው ሙሉ ሰውነቱን ወደ አየር ወርውሮ ተከሰከሰ። ድምፁ ከዓይን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ዷ! ወዴት ልይ? ሰው ስንት ዓይን አለው?

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ታሪኩ ነው። በ1857 ቻርልስ ስካመን የሚባል የአሜሪካ መርከብ አዛዥ ኦሆ ዴ ሊየብሬን ፈልጎ ገባ። የመጣው ሊገድላቸው ነው፤ ለስባቸው፣ ለዘይታቸው። እናቶቹ ልጆቻቸው ሲወጉ ጀልባውን እየሰባበሩ መርከበኛውን ይጥሉት ነበር። ስለዚህ አዳኞቹ የሰይጣን ዓሣ ብለው ጠሯቸው። የሰይጣን! ልጇን የምትከላከል እናት! ሊያልቁ ምንም አልቀራቸውም። በ1946ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት አደኑ ተከለከለ። ከዚያ በ1972 እዚያው ሳን ኢግናሲዮ ውስጥ ፓቺኮ ማዮራል የሚባል ዓሣ አስጋሪ መረቡን ይዞ ወጣ ብሎ ሳለ አንዷ መጥታ ከጀልባው ሥር ቆመች። በያኔው ዓሣ አስጋሪ ዘንድ እነሱ ሲታዩ መሸሽ ነበር ልማዱ። ጀልባዋን ተሻሸቻት። በዚህ ወጣች፣ በዚያ ወጣች። አልሄድም አለች! ፓቺኮም በመጨረሻ ፈራ ተባ እያለ እጁን ዘርግቶ ነካት። በቃ! የዛሬው መዳበስ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል። አያቶቻቸው የታረዱበት ውኃ ላይ ልጆቻቸውን እየገፉ ወደ ሰው ያመጣሉ! ለምን? እኔ እንጃ፣ እኔ ብቻ ልቤ ይሞላል!

ሜክሲኮም አላሳፈረችም! ኦሆ ዴ ሊየብሬን በ1972 መጠለያቸው ብላ አወጀች። በ1993 ዩኔስኮ ይህንንና ሳን ኢግናሲዮን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ሳን ኢግናሲዮ ዳር ግዙፍ የጨው ማምረቻ ሊተከል ታስቦ በ2000 ፕሬዚዳንት ኤርኔስቶ ሴዲዮ «ቀርቷል» አሉ። ቀርቷል! አሜሪካም በካሊፎርኒያ የሚያልፉትን በ1994 ሊጠፉ ከተቃረቡት መዝገብ አውጥታቸዋለች።

ገና አልጨረስኩም! የኛዋን የሎስ አንጀለሷን ጄጄን ታውቋታላችሁ? በጃንዋሪ 1997 ማሪና ዴል ሬይ ላይ አንዲት ጨቅላ ብቻዋን ተገኘች። እናቷ የለችም። ሊሞት የቀረበ ፍጥረት! ሳን ዲዬጎ ሲ ወርልድ ወስደው የተፈጨ ዓሣና ክሬም እያቀላቀሉ አጠጧት። ስትገባ 760 ኪሎ ገደማ ነበረች። በማርች 1998 ወደ ባሕር ሲለቋት ስንት ሆነች? 8,700 ኪሎ ገደማ! በ14 ወር! በክሬን አንሥተው፣ መርከብ ላይ ጭነው፣ ሳን ዲዬጎ አጠገብ ለቀቋት። ያን ሰሞን የወጡትን ፎቶዎች ፈልጋችሁ እዩ፣ ክሬኑ ላይ ተንጠልጥላ! ሰው ለፍጥረት እንዲህ ሲደክም ደስ አይልም?

ደግሞ ባሮው! በአላስካ ጫፍ፣ ኦክቶበር 1988። ሦስት ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ሳይነሡ ዘግይተው በረዶ ዘጋባቸው። የቀረቻቸው አንዲት መተንፈሻ ቀዳዳ ናት። የአገሩ ሰዎች ኢኑፒያቶቹ የሞተር መጋዝ ይዘው ወጡ። በረዶውን በካሬ በካሬ እየቆረጡ ወደ ክፍቱ ባሕር የሚወስድ የቀዳዳ መንገድ ሠሩላቸው። ትንሹ አልቻለም፣ ጠፋ። ሁለቱ ግን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ተከተሉ! ያን ጊዜ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር፤ ሆኖም ሶቪየቶቹ በረዶ ሰባሪ መርከብ ልከው የመጨረሻውን በረዶ ሰበሩት። ለሁለት ዓሣ ነባሪ! ቢግ ሚራክል የሚል ፊልምም በ2012 ወጥቶለታል፤ ከልጆቻችሁ ጋር እዩት፣ ሶፍት አዘጋጁ።

ስለ ቫርቫራ ሳልነግራችሁ ብቀር አልተኛም! ሩሲያ፣ ሳክሃሊን ደሴት አጠገብ መከታተያ የተተከለባት ሴት ዓሣ ነባሪ ናት። በ2011 ተነሣች። ሰፊውን ውኃ አቋርጣ አሜሪካ ዳርቻ ደረሰች። ሜክሲኮ ወረደች፣ የመውለጃዎቹን ውኃዎች ጎበኘች፣ ተመልሳ ሩሲያ ገባች። 22,500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ172 ቀን! ያለ ካርታ! ባሕሩ መሐል ምልክት የለ፣ ተራራ የለ። በምን አወቀችው?

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ «ይኼ የካሊፎርኒያ ወሬ ነው» እንዳትሉኝ። ሄርዝሊያ! በሜይ 2010፣ ሄርዝሊያ ፊት ለፊት አንድ ግራጫ ዓሣ ነባሪ ታየ! ሜዲትራኒያን ውስጥ! ከዚያ በፊት በአትላንቲክ በኩል ከጠፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈው ነበር። ተመራማሪዎቹ ፎቶውን አይተው ማመን አቃታቸው። ሳምንታት ቆይቶ ያው ዓሣ ነባሪ ባርሴሎና ታየ፤ በጅራቱ ላይ ባለው ምልክት ለዩት። የአርክቲክ በረዶ ሲሳሳ ክፍተት አግኝቶ በሰሜን ዞሮ እንደመጣ ነው የሚያምኑት። በ2013 ደግሞ ሌላው ናሚቢያ ደረሰ። አፍሪካ! የኛው አህጉር! እንግዲህ ባሕሩ ዳር ስትንሸራሸሩ ዓይናችሁን ከውኃው አታንሡ!

ሲያትል ያላችሁ እናንተ እኮ ታድላችኋል፣ ታውቁታላችሁ? ማርችና ኤፕሪል ላይ ጥቂቶቹ ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ፒዩጀት ሳውንድ ይገባሉ። ማዕበሉ ሲሞላ ባሕሩ ዳር፣ ጭቃው ላይ ተጋድመው ሽሪምፕ ይበላሉ። ከእግራችሁ ሥር በሉት! መክልቲዮ ላይ መኪናችሁን ጀልባ ላይ አስገቡና ወደ ዊድቢ ደሴት ተሻገሩ። ላንግሊ የምትባል ከተማ ውስጥ ዓሣ ነባሪ ያየ ሰው የሚደውለው ደወል ተሰቅሏል። ደወል! የቤተ ክርስቲያን ደወል ለሰማ ጆሮ ይኼ ምንኛ ደስ ይላል! ቤይ ኤሪያ ያላችሁ ደግሞ ፖይንት ሬይስ አላችሁ፤ የመብራት ማማው ዘንድ ለመውረድ 313 ደረጃ አለ፣ ጉልበታችሁን አደራ!

እኛ ግን ወደ ፓሎስ ቨርዴሳችን። ቦታው ፖይንት ቪሰንቴ ይባላል። በ1926 የተሠራ ነጭ የመብራት ማማ አለ፣ ከጎኑም የጎብኚዎች ማእከል። መግቢያው በነፃ! ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ሜይ ማብቂያ ድረስ በጎ ፈቃደኞች ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ባይኖኩላራቸውን አንግተው፣ የሚያልፉትን ይቆጥራሉ። ከ1984 ጀምሮ! ደመወዝ የለ፣ አበል የለ! ከሚወርደው ይልቅ የሚወጣው የሚበዛ ቀን አለ፣ እነሱ ሁሉንም ይጽፉታል። ከነሱ አጠገብ ቁሙ። ወዴት ማየት እንዳለባችሁ ያሳዩዋችኋል፣ እናንተም በአንድ ጠዋት ሊቅ ሆናችሁ ትመለሳላችሁ። በጃንዋሪ ወደ ደቡብ የሚወርዱት ይበዛሉ። በማርች ወደ ሰሜን የሚመለሱት። ኤፕሪል ደግሞ፣ ኤፕሪልን ተዉት! ልጆቻቸውን ይዘው የሚመለሱት እናቶች ያን ጊዜ ነው የሚያልፉት። ኦርካ የሚባለው ገዳይ ዓሣ ነባሪ ልጆቻቸውን እንዳይነጥቃቸው ዳሩን ይዘው፣ ኬልፑ ውስጥ ገባ እያሉ ነው የሚሄዱት። ዳሩን ይዘው ማለት ከእናንተ ሥር ማለት ነው! ከገደሉ ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ስታዩ ትልቁና ትንሹ ጎን ለጎን፤ ትልቁ ሲተነፍስ ትንሹ ይተነፍሳል፤ ትልቁ «ፉፍፍፍ!» ትንሹ «ፉፍ!»

«በሚቀጥለው ዓመት» አትበሉ! በ2016 ወደ 27 ሺህ ተቆጥረው የነበሩት በ2025ቱ ቆጠራ ወደ 13 ሺህ ወርደዋል። ሰሜን ያለው ማዕዳቸው ሳስቷል። ዘንድሮ የምታልፈዋን ዘንድሮ እዩ! እሑድ ሥራ ካለባችሁ ቅዳሜ፣ ቅዳሜ ካለባችሁ ማክሰኞ ጠዋት! ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ነፋሱ ሳይነሣ ውኃው ይረጋል፣ ትንፋሹ ከሩቅ ይለያል። ጃኬት ደርቡ፣ አፋፉ ላይ ብርዱ አይጣል ነው። ቡናውን በፔርሙዝ፣ ቆሎውን በላስቲክ። አያቶችን ይዛችሁ ሂዱ፣ መቀመጫ አለ፣ መንገዱም ደልዳላ ነው። እኔ በነዚህ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ አልጠፋም። ከመብራት ማማው በዚህ በኩል እልል የምትል ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ፤ መጥታችሁ ሰላም በሉኝ፣ ቡና አለኝ!